ጨረሩ ካለቀ በኋላ ከፊንጢጣ ደም ሲመጣ፦ ከቤት እስከ ክትትል ክፍል

አክስቴ ማለዳ ተነስታ የውስጥ ልብሷን በበረኪና ስትዘፈዝፍ ደረስኩባት። ውሃው ቀልቷል። «ኪንታሮት ነው፤ እናቴም ነበረባት» አለችኝና በሩን ገፋ አደረገችው። የማኅፀን በር ካንሰር ሕክምናዋን ጨርሳ፣ 25 ቀን ከውጭ ከዚያም የውስጡን ጨረር ወስዳ፣ «ተመስገን» ካለች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነበር። ደሙ ከጀመራት ደግሞ ስምንት ወር። በመሃል ጤና ጣቢያ ሄዳ የኪንታሮት ቅባት ተሰጥቷታል። ሰፈር ውስጥ «ኪንታሮት እነቅላለሁ» ከሚል ሰው ጋርም ቀጠሮ ይዛ ነበር። ነገሩን የቀየረው አንድ ወጣት ሐኪም ያነሳው ጥያቄ ነው።

«እናቴ፣ ጨረር ወስደው ያውቃሉ?»

«እሱማ ካለቀ ቆየ!» አለችው።

ይህን የምጽፈው በዚያ መልስ ምክንያት ነው። ከዳሌ አካባቢ ጨረር የወሰደ ሰው ዓመት ሁለት ዓመት ቆይቶ ደም ሲያይ ጨረሩን ከነገሩ ጋር አያገናኘውም። ካላገናኘው ደግሞ ለሚመረምረው ሰው አይነግረውም። ሐኪም አይደለሁም፣ አስታማሚ ነኝ፤ ሦስት ዓመት በተመላላሽ ክፍል አግዳሚ ላይ ተቀምጬ፣ ጠይቄና አንብቤ የለቀምኩትን በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ። ለማኅፀን በር ብቻ አይደለም። ለማኅፀን፣ ለፊኛ፣ ለፊንጢጣ ወይም ለፕሮስቴት ካንሰር በዚያ አካባቢ ጨረር ለወሰደ ሁሉ ይሠራል።

በመጀመሪያ፣ ለምን ይደማል?

ሰገራ ከመውጣቱ በፊት የሚጠራቀምበት የትልቁ አንጀት መጨረሻ ክፍል (ሐኪሞቹ ሬክተም የሚሉት) ከማኅፀን በርና ከብልት ቦይ ጀርባ ተለጥፎ የተቀመጠ ነው። በወንዶች ደግሞ ከፕሮስቴት ጀርባ። ለማኅፀን በር በአብዛኛው የሚሰጠው የውጭ ጨረር በ25 ቀን የተከፋፈለ ከ45 እስከ 50 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ነው፤ በዚያ ላይ ብራኪቴራፒ የሚባለው የውስጥ ጨረር ይጨመራል። ዕጢውን የሚያቃጥለው ጨረር ከጀርባ ያለውን የአንጀት ግድግዳ ሳይነካ አያልፍም፤ በተለይ የፊተኛውን ገጽ።

በሕክምናው ሰሞን የሚመጣው ተቅማጥና ማስማጥ ሌላ ነገር ነው፤ በሳምንታት፣ ቢበዛ በሦስት ወር ይረግባል። የኋለኛው ቀስ ብሎ የሚሠራ ነው። የግድግዳው ትንንሽ የደም ሥሮች ከውስጥ እየጠበቡ ይዘጋሉ፤ ሥጋው ደም ያጥረዋል፣ እየደረቀና እየጠነከረ ይሄዳል። አካሉ ጉድለቱን ለመሙላት አዳዲስ ሥሮች ያበቅላል፤ እነዚህ ግን ስስ ናቸው፣ ደረቅ ሰገራ ሲያልፍ ብቻ ይቀደዳሉ። ከዚያ የሚወጣው ደም ደማቅ ቀይ ነው፤ ብዙውን ጊዜ አያምም። አብዛኛው ሰው ላይ የሚጀምረው ከስድስት ወር በኋላ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ውስጥ ነው፤ ከብዙ ዓመት በኋላ የጀመራቸውም አሉ። ደግነቱ፣ ብዙዎች ላይ ከጊዜ ጋር እየቀነሰ ይሄዳል።

አንደኛ፦ አሁኑኑ መሄድ ያለበት ማን ነው?

ቀሪውን ከማንበባችሁ በፊት ይህን ተመልከቱ። ከሚከተሉት አንዱ ካለ ደብተሩንም ወረቀቱንም ትታችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ መኪና ካጣችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

በአንድ ጊዜ የቡና ስኒ የሚሞላ ደም ወይም የረጋ ደም ከወጣ፣ ወይም ደሙ አልቆም ካለ። ስትቆሙ ዓይናችሁ ከጨለመ፣ ራሳችሁን ከሳታችሁ፣ ቁጭ ብላችሁ የልብ ምታችሁ በደቂቃ ከ100 በላይ ከሆነ። ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ የሚጣበቅና የተለየ ሽታ ያለው ከሆነ። ሆድ ተነፍቶ፣ ማስታወክ ኖሮ፣ ጋዝም ሰገራም አልወጣ ካለ። ከፍተኛ ትኩሳት ከሆድ ሕመም ጋር ከመጣ።

ስለ ጥቁር ሰገራ አንድ ማሳሰቢያ፦ የብረት እንክብል የሚወስድ ሰው ሰገራው ይጠቁራል፤ ያ ግን አይጣበቅም። ቀይ ሥር የበላም በማግስቱ ሊደነግጥ ይችላል። እኛ ቤት አንድ ቅዳሜ በቀይ ሥር ሰላጣ ምክንያት ራይድ ጠርተን ነበር።

ሁለተኛ፦ ደሙ ከየት በኩል እንደሚወጣ ለዩ

ቀላል ይመስላል፤ ግን ሴቶች ላይ ሦስቱ መውጫዎች ተቀራራቢ ስለሆኑ ከፊኛ፣ ከብልት እና ከፊንጢጣ የሚመጣ ደም በውስጥ ልብስ ላይ አንድ ይመስላል። ትርጉማቸው ግን የተለያየ ነው። ከብልት የሚመጣ ደም በሽታው መመለሱን ሊጠቁም ስለሚችል በዚያው ሳምንት መታየት አለበት። በሽንት የሚመጣው ጨረር የነካው ፊኛ ሊሆን ይችላል፣ ኢንፌክሽንም ሊሆን ይችላል።

እኛ ያደረግነው እንዲህ ነው። አክስቴ የምትጠቀመው የጉድጓድ መጸዳጃ ስለሆነ ጨለማ ነው፤ ምንም አይታይም። ለሁለት ሳምንት ነጭ ፖፖ ገዛንላት። ሽንቷን ለብቻ፣ ሰገራዋን ለብቻ። ከዚያ በነጭ ሶፍት ፊቱን ለብቻ፣ ኋላውን ለብቻ መጥረግና ማየት። ማታ ነጭ ሞዴስ ማድረግም ይረዳል፤ ጠዋት ላይ ደሙ ከፊት ነው ከኋላ ያረፈው የሚለውን ያሳያል። መጀመሪያ አፍራ ነበር። በሦስተኛው ቀን ራሷ «ና እይ» እያለች የምትጠራኝ ሆነች።

ደም ብቻ ሳይሆን ሌላም ተመልከቱ፦ በብልት በኩል ጋዝ ወይም ሰገራ የመሰለ ነገር ከወጣ፣ ወይም ሽንት ሳይታወቅ ያለማቋረጥ ከፈሰሰ፣ ያ ፊስቱላ፣ ማለትም በሁለቱ መካከል የተከፈተ ቀዳዳ፣ ሊሆን ይችላል። አገራችን ውስጥ ፊስቱላ የሚለውን ቃል ሁሉም የሚያውቀው ከወሊድ ጋር ነው። ከጨረር በኋላ የሚመጣው ግን በጣም ዘግይቶ፣ ምንም ምጥ ሳይኖር የሚከሰት ነው። በፍጥነት ጨረር ወደሰጣችሁ ክፍል መመለስ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፦ የሁለት ሳምንት ደብተር

ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ «ብዙ ይፈሰኛል» የሚለው ቃል ምንም አይነግረውም። ለአንዱ ብዙ ማለት ሶፍት ላይ ያየው ጠብታ ነው፤ ለሌላው ፖፖ ሙሉ ነው። ደብተር ግዙና በየቀኑ አንድ መስመር ጻፉ። እኛ የተጠቀምነው መለኪያ ይህ ነው፦ 0 ማለት ምንም፤ 1 ማለት ሶፍቱ ላይ ብቻ የታየ፤ 2 ማለት የሻይ ማንኪያ የሚሆን፤ 3 ማለት የሾርባ ማንኪያ፤ 4 ማለት ከዚያ በላይ ወይም የረጋ። ማንበብ የማይችል ሰው በከሰል ወይም በእስክሪብቶ ጭረት ማድረግ ይችላል፤ አክስቴም ያደረገችው ይህንኑ ነው።

ከቁጥሩ ጎን፦ በቀን ስንት ጊዜ ተቀመጡ፣ ሰገራው ደረቅ ነው ቀጭን፣ ዝልግልግ ነገር አለበት ወይ፣ ሲመጣ መጸዳጃ እስኪደርሱ ያቆያል ወይ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ ቀሰቀሰ ወይ። የመጨረሻዋ ጥያቄ ትንሽ ትመስላለች፤ ግን ሌሊት የሚቀሰቅስ ተቅማጥ ሐኪሙን ወደ ሌላ ምርመራ የሚመራ ምልክት ነው። በዚያው ሳምንት የወሰዳችሁትን መድኃኒት ሁሉ ጻፉ፣ ለራስ ምታት የተዋጠችውን አንድ ዲክሎፌናክም ጭምር።

ቀኑን በኢትዮጵያም በፈረንጅም አቆጣጠር አስፍሩ። የሆስፒታል ወረቀት ብዙ ጊዜ በፈረንጅ ነው፣ ታካሚው የሚያስታውሰው በሐበሻ። «መስከረም ላይ ጨረስኩ» ያለችውን ሐኪሙ ወደ ሌላ ወር ሲመልሰው በዓይኔ አይቻለሁ።

አራተኛ፦ የጨረሩን ወረቀት ፈልጋችሁ አግኙ

ብዙ ሰው የሚያጥረው ይህ ነው። ለረጅም ዓመታት በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ጅማን ጨምሮ ከአዲስ አበባ ውጭም ተከፍቷል። ስለዚህ ብዙ ታካሚ የታከመው ከቤቱ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። ደም ሲያይ የሚሄደው ደግሞ ቅርቡ ወዳለው ጤና ጣቢያ ነው፤ እዚያ ያለው ባለሙያ ስለ ጨረሩ የሚያውቀው እናንተ የምትነግሩትን ብቻ ነው።

የሕክምና ማጠቃለያ ወረቀት ካልተሰጣችሁ ጨረሩን የወሰዳችሁበትን ክፍል ጠይቁ። ሊኖሩበት የሚገቡት፦ የካንሰሩ ዓይነትና ደረጃ፤ ጨረሩ የተጀመረበትና ያለቀበት ቀን፤ ስንት ጊዜ፣ ስንት ግሬይ፤ የውስጥ ጨረር ነበር ወይ፣ ስንት ጊዜ፤ ኬሞ አብሮ ነበር ወይ፤ ቀዶ ሕክምና ነበር ወይ። ፎቶ አንስታችሁ በስልክ አስቀምጡ፣ ለአንድ ልጃችሁም በቴሌግራም ላኩ። ዋናው ወረቀት በዝናብ ይርሳል፣ በአይጥ ይበላል፤ የእኛው ግማሹ እንጀራ መጠቅለያ ሆኖ ተገኝቷል።

ወረቀቱ ጭራሽ ካልተገኘ ይህችን ዓረፍተ ነገር በቃላችሁ ያዙና በየበሩ፣ ካርድ ክፍልም ቢሆን፣ ተናገሯት፦ «ከዳሌ አካባቢ የጨረር ሕክምና ወስጃለሁ።»

አምስተኛ፦ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ስትደርሱ

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምራችሁ ሪፈር እያጻፋችሁ ሂዱ፤ ዘላችሁ ከሄዳችሁ ወጪው ወይም ከፊሉ በእናንተ ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ የሚደረገው ቀላል ነው፦ የደም ግፊትና የልብ ምት፣ የሆድ ምርመራ፣ በጓንት ጣት የፊንጢጣ ምርመራ። ከዚያ ሲቢሲ የሚባለው የደም ምርመራ፣ ከተቻለ ፌሪቲን፣ ማለትም በአካል የተከማቸውን ብረት የሚለካው። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ እርጉዝ ያልሆነች ሴት ሄሞግሎቢኗ በዴሲሊትር ከ12 ግራም በታች፣ ወንድ ከ13 በታች ከሆነ ደም ማነስ ይባላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በደጋ የሚኖር ሰው ደሙ በተፈጥሮው ከፍ ይላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ መለኪያው ከአንድ ግራም በላይ ከፍ ተደርጎ መነበብ አለበት። ወረቀቱ ላይ 12.3 ተብሎ «ደህና ነው» የተባለ ሰው ደህና ላይሆን ይችላል። ያለፈውን ውጤት ይዛችሁ ብትሄዱ ደግሞ ይበልጣል፤ ከ14 ወደ 12.3 የወረደ ሰው ደም እያጣ ነው።

ሰገራ ምርመራንም አትዝለሉ። ጨረር የወሰደ ሰው አሜባ አይይዘውም ያለ የለም። ጣና ዙሪያ ያደገ ሰው ቢልሃርዝያ ሊኖርበት ይችላል፤ እሱም ደም ያመጣል። ኪንታሮትም ሊሆን ይችላል፤ የአክስቴ እናት ነበረባት፣ አክስቴም ላይ ትንሽ ተገኝቷል። የትልቁ አንጀት ካንሰርም ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ በሁለት በኩል ይሳሳታሉ። ጨረሩን የማያውቅ ሰው «ኪንታሮት ነው» ይላል፤ ጨረሩን የሚያውቅ ሰው ደግሞ «የጨረሩ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ውስጡ በካሜራ ሳይታይ ስም የተሰጠው ደም ገና አልታወቀም።

ስድስተኛ፦ የካሜራው ምርመራ

ሲግሞይዶስኮፒ የታችኛውን ክፍል ብቻ ያያል፤ አጭር ነው፣ ዝግጅቱም ይቀላል። ኮሎኖስኮፒ ትልቁን አንጀት ሙሉውን ያያል። ዕድሜያችሁ ከ45 በላይ ከሆነ፣ በቤተሰብ የአንጀት ካንሰር ካለ፣ ደም ማነስ ካለ ወይም ደሙ ከሰገራው ጋር ተደባልቆ ከሆነ ሙሉው እንዲታይ ጠይቁ።

ለኮሎኖስኮፒ የሚሰጣችሁን የዝግጅት ወረቀት ተከተሉ፤ ከዚህ የምጨምረው እኛ ቤት የሚያሳስተውን ነው። የብረት እንክብል ከአንድ ሳምንት በፊት ይቆማል፣ አለበለዚያ የአንጀቱን ግድግዳ ጥቁር አድርጎ ይሸፍነዋል። ከሦስት ቀን በፊት ጀምሮ ተልባ፣ ሰሊጥ፣ ቆሎና ጥራጥሬ ይቀራል። በዋዜማው «ፈሳሽ ብቻ» ሲባል የሚያሳልፍ ፈሳሽ ማለት ነው፦ ውሃ፣ ወተት የሌለው ሻይ፣ የተጠለለ መረቅ። አጥሚት ፈሳሽ ነው ብላ አክስቴ ሦስት ብርጭቆ ጠጥታ ምርመራው ለሌላ ቀን ተላልፎባታል። ቀይ ለስላሳም ይቅር፤ ደም ይመስላል። የስኳር ወይም የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ ይናገር፤ ዋርፋሪንን ወይም ለልብ የታዘዘ አስፕሪንን በራስ ፈቃድ ማቆም ከደሙ የባሰ ነገር ሊያመጣ ይችላል። የሚያደነዝዝ መድኃኒት ስለሚሰጥ ወደ ቤት የሚወስዳችሁ ሰው ይኑር።

አሁን የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር። በጨረር የተጎዳ ግድግዳ ቶሎ አይድንም፤ ደም ያጥረዋል ብለናል። የሬክተሙ ፊተኛ ግድግዳ ከብልት ቦይ የሚለየው በስስ ሥጋ ነው። ከዚያ ቦታ ለናሙና ተቆርጦ የተወሰደ ቁራጭ የማይድን ቁስል፣ አልፎም ፊስቱላ ሊሆን ይችላል። ወንዶች ላይም እንዲሁ፣ በተለይ ለፕሮስቴት ጨረር ከወሰዱ በኋላ። ስለዚህ የሚያየው ሐኪም የተለመደው የጨረር መልክ ብቻ ካየ፣ ማለትም የገረጣ ግድግዳና እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉ ቀያይ ሥሮች፣ ናሙና መውሰድ አያስፈልግም። ዕጢ የሚያስጠረጥር ነገር ካለ ግን ናሙና የግድ ሊሆን ይችላል፤ ያኔም ከጨረር ሐኪሙ ጋር ተመካክሮ ነው። ጨረሩ ካረፈበት ቦታ ውጭ ያለ ፖሊፕ (ከአንጀት ግድግዳ የበቀለ ትንሽ ሥጋ) ሌላ ጉዳይ ነው፤ እንደማንኛውም ሰው ይወሰዳል።

ካሜራው ከመግባቱ በፊት፣ መርፌው ሳያደነዝዛችሁ፣ እንዲህ በሉ፦ «ዶክተር፣ ጨረር ወስጃለሁ፤ ከፊተኛው ግድግዳ ናሙና የሚያስፈልግ ከሆነ አስቀድመው ከጨረር ሐኪሜ ጋር ይነጋገሩ።» እንዲህ ማለት ነውር አይደለም። ሐኪሞች ሲሰሙት ደስ ይላቸዋል፤ የሚናደድ ካጋጠማችሁም ለአንጀታችሁ ሲባል ቻሉት።

በዚሁ ምክንያት ኪንታሮት ነቃይ ዘንድ መሄድ፣ የሚያቃጥል ቅጠል ማስቀመጥ፣ መርፌ ማስወጋት፣ ኮሶ ጠጥቶ ሆድን መጥረግ፣ ለእኛ አይሆንም። ሆስፒታል ውስጥም ቢሆን ኪንታሮት ለመቋጠር ወይም ለመቁረጥ የሚነሳ ሰው ጨረሩን ማወቅ አለበት።

ሰባተኛ፦ ሕክምናው

ደሙ ጥቂት ከሆነ፣ ሄሞግሎቢን ካልወረደና ኑሯችሁን ካላወከ፣ ከታየ በኋላ ምንም አለማድረግ ትክክለኛ ሕክምና ነው። «ይህን ሁሉ ለፍቼ ምንም አልሰጡኝም» ብሎ ያኮረፈ ሰው አውቃለሁ። ሰገራን ማለስለስ፣ ብረት መተካት፣ መከታተል፤ ብዙው ሰው በዚህ ይበቃዋል።

ካልበቃ፣ ከቀላሉ የሚጀመረው ሱክራልፌት በፊንጢጣ መስጠት ነው። ለጨጓራ የሚዋጠው ያው መድኃኒት ነው፤ ቁስሉ ላይ እንደ ልባስ ይለጠፋል። በሐኪም ሲታዘዝ ብዙውን ጊዜ 2 ግራም፣ በቀን ሁለቴ ነው። የመጀመሪያውን ነርስ ፊት አድርጉት፤ ከዚያ ቤት እንዲህ ይሠራል። መድኃኒቱን ከ30 እስከ 50 ሚሊ ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ጓል እስኪጠፋ ማሟሟት። መጀመሪያ መጸዳጃ ደርሶ መመለስ። አልጋ ላይ ፎጣ አንጥፎ በግራ ጎን መተኛት፣ ቀኝ ጉልበትን ወደ ሆድ መሳብ። ለስላሳውን ቱቦ በጄል አለስልሶ ሳይገፉ ማስገባት፤ እምቢ ካለ ማቆም። መድኃኒቱን በስሪንጅ ቀስ ብሎ መልቀቅ። ከዚያ በሆድ መተኛት፣ የሚደማው ፊተኛው ግድግዳ ስለሆነ መድኃኒቱ ወደዚያ እንዲወርድ። ቢያንስ 20 ደቂቃ መያዝ። አክስቴ በሆዷ ተኝታ ውዳሴ ማርያም ትደግማለች፤ ስታበቃ ጊዜው ሞልቷል።

ሜትሮኒዳዞል ለአራት ሳምንት የሚያዝዙ ሐኪሞችም አሉ፤ ደሙንና ተቅማጡን ይቀንሳል። ይህ ማለት ግን ከፋርማሲ በራስ ገዝቶ «ለአሜባ» እያሉ መዋጥ አይደለም። እሱን እየወሰዱ ጠላም ጠጅም አረቄም አይጠጣም። የስቴሮይድ ማስታጠቢያ በብዛት ይታዘዛል፤ ለዚህ ደም ግን ጥቅሙ ደካማ ነው።

በዚህ ያልቆመ ደም በካሜራ ይተኮሳል። አርጎን ፕላዝማ የሚባለው ጋዝ በኤሌክትሪክ ሥሮቹን ከላይ ያደርቃቸዋል፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ዙር በላይ ይፈልጋል። አንጀቱ በደንብ ካልጸዳ ውስጥ ያለው ጋዝ ሊፈነዳ ስለሚችል ለሲግሞይዶስኮፒ የሚበቃው ማስታጠብ እዚህ አይበቃም። ሌላው ርካሹ መንገድ ፎርማሊን ነው፦ 4 በመቶ የሆነውን በጥጥ ነክሮ የሚደማውን ቦታ ብቻ መንካት። አስከሬን ከሚቆይበት ፎርማሊን ጋር አንድ ነው ሲባል አክስቴ አማተበች። ግን በሠለጠነ እጅ ሲሠራ ይረዳል፤ ውድ መሣሪያም አይጠይቅም።

ከፍተኛ ግፊት ባለበት ክፍል ኦክስጅን መተንፈስ ሌላ ሕክምና ነው። 30 እና 40 ቀን፣ በየቀኑ ወደ 90 ደቂቃ ስለሚፈጅ እዚህ በቀላሉ የሚታሰብ አይደለም፤ አሜሪካ፣ እስራኤል ወይም አውሮፓ ያላችሁ ግን ሐኪማችሁን ጠይቁ። ቀዶ ሕክምና የመጨረሻው ነው፤ በጨረር የደረቀ ሥጋ ስፌት አይቀበልምና።

ስምንተኛ፦ ቤት ውስጥ

ግቡ ለስላሳ ግን ቅርጽ ያለው ሰገራ ነው። ደረቁ ሥሮቹን ይቀድዳል፣ ቀጭኑ ደግሞ ያመላልሳል። ለድርቀት የተልባ ውሃ ይሠራል፤ አንጀቱ ጠቧል ከተባለ ግን ተልባና ገለባ ያለው ነገር ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ይጠየቅ። በርበሬ ደም አያመጣም፤ የሚያጣድፍ ከሆነ ግን አልጫ አድርጉት።

የብረት እንክብል ከቡና ጋር አይሄድም። ቡናና ሻይ ብረቱን አስረው ያስወጡታል፤ ከመጠጣት አንድ ሰዓት በፊት ወይም ሁለት ሰዓት በኋላ ይዋጥ፣ በሎሚ ወይም በብርቱካን ጭማቂ። ቡናን መተው ለማይችል ቤት መፍትሔው ሰዓት መለየት ነው፤ አክስቴ እንክብሏን ከቅዳሴ መልስ፣ ቡና ሳይፈላ ትውጣለች። «ጥቁር ጤፍ ደም ይሆናል» የሚባለው ብዙም አያስተማምን፤ ጤፍ ላይ ከሚለካው ብረት ከፊሉ አውድማ ላይ የተቀላቀለ አፈር ነው፣ አካል ውስጥም እምብዛም አይገባም። እንክብሉን አይተካም።

ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ራቁ፤ ለሕመም ፓራሲታሞል። ተቅማጥ ካልለቀቀ «የጨረሩ ነው» ብላችሁ አትቀመጡ፦ ጃርድያ፣ የሐሞት አሲድ አለመመጠጥ፣ ትንሹ አንጀት ውስጥ የባክቴሪያ መብዛት፣ ሦስቱም ከጨረር በኋላ ሊታዩ የሚችሉና የሚታከሙ ናቸው።

ዘጠነኛ፦ ክትትሉ

ደሙ ቆመም አልቆመም የካንሰሩ ክትትል በራሱ መንገድ ይቀጥላል። ለማኅፀን በር የተለመደው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በየ3 እስከ 6 ወር፣ እስከ አምስተኛው ዓመት በየ6 እስከ 12 ወር፣ ከዚያ በዓመት አንዴ ነው። በየቀጠሮው የማኅፀን ምርመራ ይደረጋል፤ «ምንም አላመመኝም» ብላችሁ አታስቀሩት። ደም የሚያጣ ሰው ሲቢሲ፣ የሽንት ቧንቧ የመጥበብ ሥጋት ስላለም የኩላሊት ምርመራ ይጠይቅ። ለፕሮስቴት የታከሙ ወንዶች ፒኤስኤ የሚባለውን የደም ምርመራ በየጊዜው ያሠራሉ።

ቀጠሮ ሳይጠብቁ የሚያስኬዱት፦ አዲስ የብልት ደም፣ አንድ እግር ብቻ ማበጥ፣ የማይለቅ የወገብ ወይም የዳሌ ሕመም፣ ያለምክንያት መክሳት፣ ወይም ደብተራችሁ ላይ ከ1 ወደ 3 የዘለለ ቁጥር።

አክስቴ ሁለት ጊዜ በአርጎን ተተኩሳለች። ደብተሯ አሁን ሦስተኛው ነው፤ ሽፋኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ጨረር ወስጃለሁ» ብዬ ጽፌበታለሁ፣ ስልኬን ከሥር። የዚህ ወር ገጽ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዜሮ እና ሁለት ጭረት አለ። ቀጣዩ ቀጠሮ ጥር 20 ነው።